ግማሽ ሰዓት

ዳልካሁዌ ወደብ ዝናብ ካየች ሦስት ሳምንት ሆናት፤
ቺሎዬ ደሴት ላይ ይሄ ማለት
ሰማዩ ታሟል ማለት ነው።
ባሕሩም ለብ ብሏል፤ እጄን ስነክረው
እንደ ሕፃን መታጠቢያ ውሃ ነው።

ዴልፊን ናዌልኪን ጀልባውን አስጠግቶ፣
አርባ ጆንያ ጥቁር ዛጎል ከነጭቃው አውጥቶ፣
«ነይ አሽትቺ» ይለኛል፣
«ባሕር ማለት ይሄ ነው! ምን እንከን ይወጣለታል?»
አሸተትኩ። እውነቱን ነው።
ጨው ነው፣ የባሕር ሣር ነው፣ የንጋት ብርድ ነው።
ክፉ ነገር ሁሉ ይሸታል ያለው ማነው?

ያ አፍንጫ ሃምሳ ዓመት አላሳፈረውም፤
የሞተ ዛጎል ከመቶ መሃል ለቅሞ ይጥላል።
ቪብሪዮ ግን አይሸትም፣
አይጎመዝዝም፣ አይሻግትም፣ ቀለም አይቀይርም፤
እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፁን አጥፍቶ ገብቶ
ሌሊት ነው የሚነሣው፣ ቤተሰቡ ተኝቶ።

«ሎሚ ይገድለዋል» ይላል ዴልፊን።
አይገድለውም። ስንቴ ነገርኩት፣
ሎሚ ማጣፈጫ እንጂ ዳኛ አይደለም ብዬ።

መሣሪያዬን አወጣሁ፤ ከኪስ ሬዲዮ ያነሰ፣
ጠርዙ በፕላስተር የታሰረ፣ ጨው ያለበሰ።
ሆዱ ውስጥ ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣
ቁራጯ ላይ ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ መስመር፣
ወርቁ ላይ ደግሞ ዓይን የማያያቸው መንጠቆዎች፤
ለአንድ ዓሣ ብቻ የተቆለመሙ፣
ሌላው ሺህ ተዋሲ ቢያልፍ የማይነኩ፣ የማይቀሙ።
ያ አንዱ ሲነክስ ወርቁ ይሰማዋል፤
የኤሌክትሪኩ ፍሰት እንደ ሰካራም ጥቂት ይንገዳገዳል፤
ማሽኑ መንገዳገዱን በቁጥር ይጽፈዋል።

ሰሙማ ዛጎሉ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ባሕር ባሕር ይላል።
ወርቁን ወርቁ ይፈታዋል።

ሥጋውን ፈጭቼ፣ በጨው ውሃ በጥብጬ፣
ጠብታዋን አስገባሁ፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ።
ግማሽ ሰዓት።

ድሮ አራት ቀን ነበር።
ናሙናው በአውቶቡስ፣ ከዚያ በመርከብ ተሻግሮ
ፖርቶ ሞንት ይደርስና፣ በሳህን ላይ ተዘርቶ፣
በሙቀት ሣጥን ተኝቶ፣
እስኪበቅል ይጠበቃል፣ ልክ እንደ ድንች ዘር።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በየካቲት፣
ቴናውን መንደር ሠርግ ነበር።
እሑድ ተበላ፤ አኮርዲዮኑ እስከ ንጋት።
ማክሰኞ የሙሽራዋን እናት፣ ኤድቪናን፣
ሆስፒታል አስገቧት፤ ጉበቷ ድሮም ደካማ።
መልሱ ሐሙስ መጣ፣ ማኅተም ያለበት፣ ስሕተት የሌለበት።
የፈረምኩት እኔ ነኝ።
እውነት ነበር። ሬሣ ሣጥን ሲዘጋ ቆሜ
ያንን እውነት በየትኛው እጄ ልያዘው?

ኤድቪና የዴልፊን ታናሽ እህት ናት።
ዛጎሉ ከማን ጀልባ እንደ ወረደ
እዚህ ወደብ ላይ ማንም አይጠይቅም፤
ማንም አይረሳም።

አሥር ደቂቃ። ሲጋራ ለኮሰ።
ሃያ። የገዢው ሹፌር፣ ሮሄልዮ፣ ጡሩምባ ነፋ፤
ካስትሮ ያለው ምግብ ቤት በጥሬው ነው የሚያቀርበው፣
ቱሪስቱም ይሰለፋል፣ ከነሎሚው።
ሃያ ስምንት። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፣
ወጣ፣ ደግሞ ወጣ፣ ከቀዩ መስመር አልፎ ደረሰ።

«ድገሚው» አለኝ።
ሌላ ጆንያ ፈታሁ። ሌላ ቁራጭ። ሌላ ግማሽ ሰዓት።
ሮሄልዮ ሰድቦን ሄደ።
ያው ነው።

ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።
ስልኩን አወጣና ቆርቆሮ ፋብሪካው ዘንድ ደወለ፤
እዚያ ይፈላል፣ ይቀቀላል፣ በሲሶ ዋጋ።
«አርባ ጆንያ» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ፣ «አዎ፣ አርባውም»፤
የክረምቱን ናፍጣ እንደሚቆጥር ከከንፈሩ ያስታውቃል።
ከዚያ ሠርታ የተጣለችውን ቁራጭ አነሣና
በሁለት ጣቱ ወደ ፀሐይ ይዟት፣
«ይቺ ናት?»
«ናት።»
«ያኔ ብትኖር…»

አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።
የማሽኑ መስኮት ባትሪ ሊቆጥብ ራሱን አጠፋ።
ጀልባው ምሰሶውን ሁለቴ፣ ሦስቴ ገጨ።

«ዴልፊን» አልኩት በመጨረሻ፣
«እጅህን ታጠብ።»